የጥር ገበያ



ጥር ላይ አንበሳሜ ገበያ የወጣ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ማዳበሪያ ላይ ነው። ለከተማ ልጆች ላስረዳ። በእኛ አገር ማዳበሪያ የሚባለው እርሻ ላይ የሚበተነው ብቻ አይደለም። ዳፕና ዩሪያ ተሞልቶበት የሚመጣው ነጭ ከረጢትም ስሙ ማዳበሪያ ነው። ውስጡ ያለው ማሳ ላይ ካለቀ በኋላ ከረጢቱ ይራገፋል፣ ይታጠባል፣ የተቀደደው ይሰፋል፤ ከዚያ በቆሎ፣ ዳጉሳ፣ ጤፍ፣ ሩዝ ይገባበታል። ገበሬው ሰኔ ላይ በብድር ሞልቶ የወሰደውን ማዳበሪያ፣ ጥር ላይ ያንኑ ብድር ሊከፍል እህል ሞልቶበት ይወጣል። ሲገዛ ዋጋውን የሚነግረው ሌላ ሰው ነው። ሲሸጥም ዋጋውን የሚነግረው ሌላ ሰው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ ሲከነክነኝ የኖረው ይህ ነው፤ ዛሬም የማወጋችሁ ስለዚሁ ነው።

አንበሳሜ የደራ ወረዳ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ፣ የእስቴን መንገድ ይዛችሁ ታገኟታላችሁ። ሐሙሲት እንደ ማክሰኝት፣ እንደ አርብ ገበያ፣ ስሟን ከገበያ ቀኗ የወሰደች ከተማ ናት። አገሩ ከተማውን በገበያ ቀን የሚጠራ አገር ነው። ወደ ሐይቁ ወረድ ብላችሁ ቆራጣን ብትጠይቁ፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በጣና ዙሪያ ስማቸው ከሚነሣ የንግድ ከተሞች አንዷ ነበረች። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1858 ዓ.ም. የእንግሊዙን መልእክተኛ ራሳምን ያሳረፉት እዚያ ነው። ወደ ሰሜን የይፋግ ገበያ ነበር። አሞሌ ጨው ከአፋር ዝቅታ ተነሥቶ፣ በሰቆጣ በኩል አድርጎ ወደ በጌምድርና ወደ ጎጃም ሲዘልቅ፣ በእያንዳንዱ ኬላና በእያንዳንዱ የበቅሎ እርምጃ እየተወደደ ይሄድ ነበር። ስለዚህ የእኛ ሰው ዋጋ ከሩቅ እንደሚመጣ ከጥንትም ያውቃል።

አያቴን እምዬ እያልን ነበር የምንጠራት። የተዳረችበትን ዘመን ስትቆጥር ዓመተ ምሕረት አትጠራም ነበር፤ "ራስ ጉግሣ በሞቱ በማግስቱ ዓመት" ትል ነበር። የበጌምድሩ ገዥ ራስ ጉግሣ ወሌ አንቺም ጦርነት ላይ የወደቁት መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ነው፤ እንግዲህ እምዬ በ1923 ተዳረች ማለት ነው። ለጥሎሽ የመጣላት ጠገራ ብር በክር ተሰክቶ አንገቷ ላይ ነበር፤ እኔም ልጅ ሆኜ ሳቀፋት ጉንጬን የሚያቀዘቅዘኝ እሱ ነበር። የማርያ ቴሬዛ መልክ አለበት፣ 1780 የሚል የፈረንጅ ዓመት ተጽፎበታል። እምዬ ዕውሩን ከደህናው ስትለይ በጣቷ ነበር። በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ፍሬዎች ትዳስሳለች፤ ካልቆረቆራት አትቀበልም። የዚያን ዘመን ነጋዴም እንዲሁ ነበር። ያለቀ፣ የተሻሸ ብር ይመልሳል።

ያ ብር 28 ግራም ይመዝናል፤ አብዛኛው ንጹሕ ብር ነው። ችግሩም ጥቅሙም እዚህ ላይ ነው። ዋጋው በመንግሥት ማኅተም ሳይሆን በውስጡ ባለው ማዕድን ስለሆነ፣ ብር በኒውዮርክና በለንደን ሲረክስ እሱም ይረክሳል። ጥቅምት 1922 የኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ሲፈርስ በበጌምድር የሰማ አልነበረም፤ የበጌምድር ሰው የዚያን ዓመት ወሬው ጦርነት ነበር። ወሬው ባይደርስም ዋጋው ደረሰ። ከዚያ በኋላ ባሉት ሦስት ዓመታት የብር ማዕድን ዋጋ በዓለም ገበያ በግማሽ ያህል ወረደ፤ በ1925 ታኅሣሥ ላይ ከሁሉም ዝቅ አለ። ለእምዬ ጥሎሽ የተቆጠረው ጠገራ ብር፣ እሷ ሳታውቅ፣ አንገቷ ላይ እንዳለ ዋጋው እየተነነ ነበር። በ1926 ሰኔ አሜሪካ ብር የመግዛት ሕግ ስታወጣ ደግሞ ዋጋው ተመልሶ ወጣ። እሷ ያንንም አላወቀችም።

አገራችን በዚያ ዘመን ለውጭ ትሸጥ የነበረው በዋናነት ቡናና ቆዳ ነው። የሁለቱም ዋጋ ተሰበረ። ብራዚል ከ1923 ጀምሮ የተረፋትን ቡና በክምር እያቃጠለች ነበር። አዲስ አበባ ላይ በዚያው ዓመት የአቢሲኒያ ባንክ ቀርቶ የኢትዮጵያ ባንክ ቆመ፤ አዲሱ ሳንቲም፣ መቶኛ የተባለው፣ ተቀረጸ። ገጠሩ ግን ጠገራውን አልለቀቀም፤ ርቆ ባለው ገበያ አሞሌ ጨው ገና እንደ ዝርዝር ይሠራ ነበር።

እህልስ? እህልን ያ ዘመን ብዙም አልነካውም ብዬ ነው የማምነው፤ ምክንያቱ ደግሞ የሚያኮራ አይደለም፤ መንገድ አለመኖሩ ነው። ጤፍ በበቅሎ ተጭኖ ጥቂት ቀን ከተጓዘ ትርፉን የበቅሎዋ ቀለብና የኬላው ቀረጥ ይበላዋል። ስለዚህ የጤፍ ዋጋ የሚቆረጠው በዚያው አገር ዝናብ፣ በአንበጣው፣ በዚያ ዓመት በአገሩ ላይ በሰፈረው ጦር ብዛት ነበር። ደራ ተትረፍርፎ ሌላው አውራጃ ሊራብ ይችላል። መንገድ ሊመጣ አንድ ጊዜ ተቃርቦ ነበር። በ1920 የኢትዮጵያ መንግሥት መልእክተኛ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ወደ ኒውዮርክ ሄደው ጄ. ጂ. ኋይት ከሚባለው የምሕንድስና ኩባንያ ጋር ጣና ላይ ስለሚሠራ ግድብ ተነጋገሩ። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት፣ ባሕር ዳር አጠገብ፣ መሐንዲሶቹ መጥተው ለኩ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ጣና የሚደርስ የመኪና መንገድም የእቅዱ ክፍል ነበር። ከዚያ የዓለም ገንዘብ ደረቀ፣ በ1925 አዲስ አበባ ላይ ስብሰባ ተደረገ፣ ብዙም ሳይቆይ ጣልያን መጣ። ግድቡም መንገዱም በወረቀት ቀረ። ያ መንገድ በጊዜው ተሠርቶ ቢሆን የደራ ጤፍ ምን ያህል ርቆ ይሄድ ነበር እያልኩ አስባለሁ።

አሁን ወደ በቆሎ ልምጣ።

በዚያው በ1925 በጋ፣ አዮዋ በሚባለው የአሜሪካ የበቆሎ አገር፣ 25 ኪሎ በቆሎ በአንዳንድ ቦታ ወደ 10 ሳንቲም ወረደ። ከድንጋይ ከሰል በቆሎው ስለረከሰ ገበሬዎች በቆሎ በምድጃ አነደዱ። ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ አላመንኩም ነበር። እህል ይነዳል? እምዬ ዳቦ ሲወድቅ አንሥታ የምትስም ሴት ነበረች።

1994 ዓ.ም. ሲመጣ ግን አመንኩ። በ1992ና በ1993 ዝናቡ ሠመረ። ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በሰፊው ገብቶ ነበር። በጎጃም፣ በወለጋ፣ በእኛም በኩል በቆሎው ቆሞ ሰው ይሰውር ነበር፤ አገዳው ሁለት ሦስት ራስ ያዘ። ከዚያ ዋጋው ወደቀ፤ 80 በመቶ ገደማ። የምጣኔ ሀብት ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረ መድኅን በኋላ ስለዚያ ዓመት ስትናገር 300,000 ቶን እህል ማሳ ላይ ቀርቶ በሰበሰ ብላለች። የሚያጭደውን የቀን ሠራተኛ ዋጋ እንኳ አያወጣም ነበርና።

ጥር ላይ ከአባቴ ጋር ሁለት አህያ ጭነን ወጣን። እስከ እኩለ ቀን ከማዳበሪያዎቹ አጠገብ ቆምን። አንድ ነጋዴ መጣ፤ እጁን ከረጢቱ ውስጥ ከተተ፣ አፍሶ አየ፣ አንድ ፍሬ በጥርሱ ሰበረ።

"ስንት ትለዋለህ አባቴ?"

"አንተ ንገረኝ እንጂ ልጄ። እኔ ብናገር ምን ያደርጋል?"

ነጋዴው የተናገረውን ዋጋ አባቴ ሰምቶ ዝም አለ። ነጋዴውን አልወቅሰውም፤ እሱም ወስዶ የሚሸጥበት አልነበረውም፣ ሚዛኑም ትክክል ነበር። አባቴን ያስጨነቀው ዋጋው ብቻ አልነበረም። የማዳበሪያ ብድር አስመላሾቹ ቀን ቆርጠው ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ በዚያው ሳምንት፣ ለዚያው ዕዳ፣ ያንኑ በቆሎ ይዞ ወጥቷል። በቆሎ አልሸጥ ሲል በግ አወጡ፤ በጉም ወደቀ። ጊደር አወጡ፤ ጊደሯም ወደቀች። ሁሉም በአንድ ቀን እንዲሸጥ ከተገደደ ሁሉም ነገር ይረክሳል። ነሐሴ ላይ ያው ሰው፣ ያው በቆሎ፣ ያው ገበያ ላይ ሌላ ዋጋ አለው። ጥርን ከነሐሴ የሚለየው ወራት ነው፤ ድሃ ገበሬ የሚያጣው ደግሞ ያንን ነው፤ ጊዜን።

ወደ አዮዋ ልመለስና፣ እነሱ ምን አደረጉ መሰላችሁ? በ1926 ጥቅምት የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት አንድ የብድር ድርጅት አቋቋመ። ገበሬው በቆሎውን በጎተራው ያስቀምጣል፤ ተቆጣጣሪ መጥቶ ጎተራውን በማኅተም ያሽገዋል፤ ለገበሬው በ25 ኪሎው 45 ሳንቲም ብድር ይሰጠዋል። ዋጋ ከወጣ ሸጦ ብድሩን ይመልሳል። ካልወጣ በቆሎውን ለመንግሥት ይተዋል፤ ሌላ አይጠየቅም። በዚያው ዓመት ክረምት ድርቅ መጣ፣ በቆሎ ተወደደ፤ ማኅተም ያለበት ጎተራ ያለው ገበሬ ሸጦ ብድሩን ከፈለ፣ ተረፈውም።

እኛም ዘንድ ድርቅ ተከተለ። በ1994 ክረምት ዝናቡ ዘገየ፤ በ1995 ወደ 14 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ጠበቀ። አንድ ዓመት ገደማ ብቻ ማለት ነው ከበሰበሰው በቆሎ እስከ እርዳታው ስንዴ። ይህን ሳስብ ዛሬም ድምፄ ይለወጣል፤ ይቅርታ አድርጉልኝ። የምዕራቡ ትርፍ ወደ ምሥራቁ ረሃብ የሚሄድበት መኪና ነበረ፤ በጥር ገዝቶ እስከ ነሐሴ የሚያቆየው ግን አልነበረም።

በፊት መንግሥት እህል ገዝቶ አያቆይም ነበር ወይ የምትሉ አላችሁ። በደርግ ጊዜ የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ነበር፤ ኮታ ይጥላል፣ በቆረጠው ዋጋ ይወስዳል። ኮታውን ያልሞላ ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። በ1982 ያ ሲቀር በገጠር እልል ያላለ አልነበረም። ስለዚህ ወደዚያ እንመለስ የሚል ሰው አይደለሁም። ከ1994ቱ ውድቀት በኋላ የመጋዘን ደረሰኝ አዋጅ ወጣ፤ ሚያዝያ 2000 ላይ እነ ዶክተር እሌኒ የኢትዮጵያ ምርት ገበያን ከፈቱ። ሐሳቡ ልክ የአዮዋው ጎተራ ነበር፦ እህልህን መጋዘን አስገባ፣ ደረሰኙን ይዘህ ባንክ ሂድ። ሲከፈት በቆሎም ስንዴም ነበረበት። ብዙ ሳይቆይ ግን የቡናና የሰሊጥ ቤት ሆነ፤ የእኛ በቆሎ እንደ ድሮው ከማዳበሪያው አጠገብ ቆሞ ቀረ። ይህ ነው የሚቆጨኝ።

ዛሬ አስፋልቱ አለ፣ ስልክ አለ። አንበሳሜ ያለ ገበሬ የባሕር ዳርን ዋጋ ከቤቱ ሳይወጣ ያውቃል። ደራ ውስጥ ጅግና በምትባለው ቀበሌ በ1970ዎቹ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች የዘሩት ሩዝ ዛሬ በፎገራ ሜዳ ሁሉ ተዘርቷል፤ ዝርያው ራሱ ኤክስ ጅግና ይባላል። የውጭ ሩዝ በመርከብ ሲገባ የእኛው ሩዝ ዋጋ ይነቃነቃል፤ ለጠገራው ብር ዓመታት የፈጀው መንገድ ዛሬ የቀናት ነው። ዋጋን ማወቅ ግን መጠበቅ ለማይችል ሰው ምን ይፈይዳል? አየር የማያስገባው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት፣ ፒክስ የሚሉት፣ ነቀዝን ያለ መድኃኒት ይገድላል። ጥሩ ነገር ነው፣ ግዙት። የብድር መክፈያው ቀን ጥር ላይ ከሆነ ግን እህሉ ከነከረጢቱ ጥር ላይ ይወጣል። ቀኑን ወደ ሰኔ መግፋት ከጽሕፈት ቤት አንድ ደብዳቤ ነው። እኔ የምጠይቀው ከሁሉ በፊት እሱን ነው።

ያን ቀን አባቴ አልሸጠም። አህዮቹን ከነጭነታቸው መልሰን ነዳን። ቤት ስንደርስ እምዬ በር ላይ ነበረች፤ ጭነቱን አየች፣ አባቴን አየች፣ ምንም አልጠየቀችም። ማታ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጣ ክሩን ከአንገቷ አወረደች። ሦስቱን ጠገራ ፈትታ እያንዳንዱን በጣቷ ዳሰሰች፣ ፍሬዎቹን ቆጠረች፣ ለአባቴ ሰጠችው። ባሕር ዳር ላይ አንድ ብር ሠሪ በሚዛን ገዛው። ለዕዳው አልበቃም፤ የቀረውን ጊደሯ ሞላችው። በቆሎው ግን ከማዳበሪያው ተገልብጦ ወደ ጎተራ ተመለሰ።

ነሐሴ ላይ ከፈትነው። ከላይ ያለው ነቅዞ ዱቄት ሆኖ ነበር። ከሥር ያለው ደህና ነበር።