የተሳሳተ የጤና ወሬን እንድናርም የሚያነሳሳን ምንድን ነው?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እድራችን የተቋቋመው ሐዘንተኛን ለማጽናናትና የሞተን በክብር ለመቅበር መሆኑ የታወቀ ነው። ሆኖም ሰው በወሬ ምክንያት እንዳይሞት መከላከልም ከዚሁ ሥራ የሚለይ አይደለም።

እንደምታስታውሱት፣ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የኮሮና በሽታ አገራችን መግባቱ በተነገረበት ሰሞን፣ ነጭ ሽንኩርት ያድናል፣ አረቄ ቫይረሱን ይገድላል የሚለው ወሬ በፌስቡክና በቴሌግራም ይናፈስ ነበር። ነገሩ እንደ ቀልድ የሚታለፍ አልነበረም። በዚያው ዓመት በኢራን አገር፣ አልኮል ያድናል ሲባል አምነው መርዛም አልኮል የጠጡ በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል።

ታዲያ እውነቱን የሚያውቅ ሰው ለምን ዝም ይላል? አንደኛው ምክንያት ይሉኝታ ነው። ወሬውን የላከው ታላቃችን ሲሆን «እኔ ማን ነኝና!» እንላለን። ሁለተኛው «መንግሥት ይናገር» ማለት ነው። በእርግጥ በጊዜው የጤና ሚኒስትር የነበሩት ዶክተር ሊያ ታደሰ መግለጫ በየዕለቱ ያወጡ ነበር። ዳሩ ግን ጎረቤታችን የላከልንን መልእክት የምናየው እኛው እንጂ ሚኒስትር አይደለም።

የሚያርመውን ሰው የሚያነሳሳው ዕውቀት ብቻ አይደለም። ጉዳቱ በእኔ ሰው ላይ ይደርሳል ብሎ መሥጋቱና ብናገር እሰማለሁ ብሎ ማመኑም ነው። ይህም እምነት ከንቱ አይደለም። ኤሚሊ ቭራጋና ሌቲሺያ ቦድ የተባሉ በአሜሪካ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ስለ ዚካ በሽታ ባደረጉት ጥናት፣ ተራ ሰው ማስረጃ አያይዞ የሚሰጠው እርማት ዳር ሆኖ የሚያነበውን ሰው አሳብ እንደሚያቃና አሳይተዋል።

ወደ ራሳችን ስንመለስ፣ በአሶሳም ሆነ በመላው ቤኒሻንጉል ጉሙዝ ዋናው ጠላታችን ወባ ነው። ወባ ጥንቅሽ በመብላት ይይዛል፣ ወይም ትኩሳቱ ከበረደ መድኃኒቱን ተወው የሚል መልእክት ቢደርሰን ምን እናድርግ? ወባን የምታስተላልፈው ትንኝ ናት። ኮአርተምም በ3 ቀን ውስጥ 6 ጊዜ ተወስዶ የሚያልቅ እንጂ በመሐል የሚቋረጥ መድኃኒት አይደለም።

ይህን ለመናገር ታላቅን በሰው ፊት ማዋረድ አያስፈልግም። ለብቻ ደውሎ «ጋሼ፣ ይኼ ነገር ልክ አይደለም፤ የጤና ጣቢያ ባለሙያዎችን እንጠይቅ» ማለት ይበቃል። ከዚያም ወሬውን ያነበበው ብዙ ሰው ነውና፣ የማንንም ስም ሳንጠራ ትክክለኛውን እዚያው ላይ እናስፍር።

ወገኖቼ! ጥሩምባ ሲነፋ ለቀብር ለመድረስ የማንሰንፍ ሰዎች፣ በሕይወት ላለው ወንድማችን አንድ ቃል ለማድረስ አንስነፍ።