ሕጉ የአገሩን በር ከፈተ፤ የአማትን ጓዳስ?

ዛሬ ከሰሞኑ የፖለቲካ ግርግር ወጣ ብዬ ስለ ሙሽሮች ላወጋችሁ ነው።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጃንዋሪ 26 ቀን 1946 «አርጀንቲና» የምትባል መርከብ ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ወደብ ወደ ኒው ዮርክ ተነሣች። የጫነችው ከ450 የሚበልጡ፣ በጦርነቱ ጊዜ አሜሪካዊ ወታደር ያገቡ ሴቶችን ከነልጆቻቸው ነበር። ገና በዲሴምበር 28 ቀን 1945 የጸደቀው የጦርነት ሙሽሮች ሕግ የወታደር ሚስቶችን ከኮታና ከብዙ የቪዛ ጣጣ ነፃ አድርጓቸዋል።

ሕጉ የአገሩን በር ከፈተ። እኔ የፖለቲካ ሳይንስ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ለረጅም ጊዜ ታሪኩ እዚህ ላይ የሚያበቃ ይመስለኝ ነበር። ልብ በሉ፣ ያን ጊዜ ወታደሩ በሚሊዮን እየተመለሰ ስለነበር በአሜሪካ ቤት ጠፍቷል። ብዙ ወጣት ባልና ሚስት የገቡት ከባል ወላጆች ዘንድ ነው። ሙሽራዋ ያወቀችው ዩኒፎርም የለበሰ፣ ራሱን የቻለ ጎልማሳ ነበር። አሁን የምታየው ካደገበት ክፍል የተመለሰ የእናቱን ልጅ ነው። አገሯ ቅቤና ሥጋ በራሽን ነው (ራሽኑ እስከ 1954 አላበቃም)፣ እዚህ ማዕዱ ሙሉ ነው፤ እናቷን እያሰበች እንዴት ጉሮሮዋ ይውረድላት? በአማቲቱም አልፈርድም። ልጇን ዓመታት በጸሎት ጠብቃ፣ ከማታውቃት ሴት ጋር መጣላት።

የጃፓን ሙሽሮች ደግሞ ባሰባቸው። ሕጉ በዘራቸው ምክንያት አገዳቸው፤ በ1947 ለአጭር ጊዜ ተከፈተላቸው፣ በቋሚነት የተፈቀደው በ1952 ሕግ ነው። በ1951 ቀይ መስቀል እዚያው ጃፓን ውስጥ የሙሽሮች ትምህርት ቤት ከፍቶ የአሜሪካ ምግብና የቤት አያያዝ ያስተምራቸው ጀመር። ለአማቶች የተከፈተ ግን አልሰማሁም!

ይህን ለምን አነሣሁ? በእነዚህ የጦርነት ዓመታት ስንቶቻችን ከአገር ቤት ሙሽራ አስመጥተናል? ስንቷስ አውሮፕላን ማረፊያ በአበባ ተቀብለናት በቀጥታ እናታችን ቤት ገባች? ቡና ስታፈላ «እኛ ቤት እንዲህ አይደለም» ትባላለች። ይሄስ ያልፋል። የማያልፈው «ወረቀትሽ በልጄ እጅ ነው» የሚለው ነው። ይህን በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ የተናገሩትም ክፉ ሴት አልነበሩም።

እዚህ አሜሪካ፣ ስትገባ ጋብቻዋ ሁለት ዓመት ካልሞላው የሚሰጣት ግሪን ካርድ የሁለት ዓመት፣ ቅድመ ሁኔታ ያለበት ነው። ካርዱ ሊያበቃ በቀሩት 90 ቀናት ውስጥ ባልና ሚስት አብረው ያመለክታሉ። ጋብቻው በቅንነት የተመሠረተ ሆኖ ቢፈርስ፣ ወይም በደል ቢደርስባት፣ ብቻዋን ማመልከት ትችላለች፤ የባሏም ሆነ የአማቷ ፊርማ አያስፈልጋትም። እኅቶቼ፣ ፓስፖርታችሁንና የጋብቻ ወረቀታችሁን ራሳችሁ ያዙ። እማማ፣ እርስዎም ሲመጡ ማን እንደተቀበለዎት እስቲ ያስታውሱ።

ሳምንት በዚሁ ሰዓት እንገናኝ።