ስንት አይሱዙ ተጫነ?

 

ውድ ተመራቂዎች፣ ይህ የአዳማ ግቢ ከባሕር ማዶ ምሁራን ጋር መሥራትን አሳምሮ ያውቃል። በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ ከተባለ በኋላ ጀርመናዊው ሄርበርት አይሸለ መርተውታል። በ2003 የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን ደግሞ ደቡብ ኮሪያዊው ሊ ጃንግ ግዩ ቦታውን ያዙ። ከዚህ ርቀን ብንሄድ ዓለማያን እናገኛለን። የእርሻ ኮሌጁ የተቋቋመው በ1944 ዓ.ም. በተፈረመ ስምምነት፣ ከአሜሪካው የኦክላሆማ ኮሌጅ በመጡ መምህራን እገዛ ነው። ያኔ ጥያቄው እንዴት እናምርት የሚል ነበር። እኔ ዕድሜዬን የሰጠሁት ግን ከምርት በኋላ ለሚመጣው ጥያቄ ነው፤ ምን ያህል፣ የት፣ መቼና በስንት እንሽጥ?

ይህን ውሳኔ በሒሳብ ማገዝ ይቻላል። አንዲት የአዳማ ቸርቻሪ አንድ ሳጥን ቲማቲም በ600 ብር ገዝታ በ900 ትሸጣለች እንበል። ሳይሸጥ ያደረው 200 ብር ብቻ ያወጣል። ገዢ እያለ ቲማቲም ካለቀባት በየሳጥኑ 300 ብር ያመልጣታል፤ ከተረፋት ደግሞ 400 ብር ትከስራለች። ስሌቱ የሚለው ግልጽ ነው፤ ከ100 ቀን በ57ቱ ቲማቲሟ ገዢ ሳያልቅ ቀድሞ እንዲያልቅ አድርጋ ብትገዛ ይሻላታል። ይህን ለማወቅ ትልቅ ኮምፒዩተር አያስፈልግም። የሚያስፈልገው በየቀኑ ስንት ሳጥን እንደሚፈለግ መመዝገብ ነው፤ እሱን ደግሞ የሚመዘግብልን ሰው የለም።

አሁን ስለ መቂ ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት አንድ የውጭና አንድ የአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲ ተባብረው የመቂና የባቱ ቲማቲም አምራቾችን የሚረዳ ሞዴል ሠሩ። እኔም ሥራውን በቅርብ እከታተል ነበር። ሞዴሉ የአዲስ አበባን፣ የአዳማን፣ የሐዋሳንና የድሬዳዋን ዋጋ ይወስዳል፤ የጭነት ኪራዩንና በመንገድ የሚበላሸውን ይቀንሳል፤ ከዚያ የተሻለ ትርፍ የሚገኝበትን ከተማ ይመርጣል። ውጤቱ ባቱ ላይ በአንድ አዳራሽ ቀረበ። በዚያ ሳምንት ምርጫው ድሬዳዋ ነበር። ገበሬዎቹ በጥሞና አዳመጡ።

ከኋላ የተቀመጠ አንድ ደላላ እጁን አወጣ። «ትናንት ማታ ወደ ድሬዳዋ ስንት አይሱዙ እንደተጫነ ይሄ ማሽን ያውቃል?» አለ። አቅራቢው በአስተርጓሚ፣ እንዲህ ያለ መረጃ በሞዴሉ ውስጥ የለም ብሎ መለሰ። ደላላው «እንግዲያውስ ዋጋውን አያውቅም» ብሎ ተቀመጠ።

ትክክል ነበር። የድሬዳዋ ገበያ እንደ አዲስ አበባ የአትክልት ገበያ የመጣውን ሁሉ አይውጥም። ጥቂት መኪና ሲደርስ ዋጋው ጥሩ ነው፤ ጥቂት ሲጨመርበት ይወርዳል። ሞዴሉ ግን ዋጋውን የማይነቃነቅ አድርጎ ወስዶት ነበር። ከዚያም የባሰው፣ ለሁሉም ገበሬ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ምክር መስጠቱ ነው። ሁሉም ምክሩን ሰምቶ ወደ ምሥራቅ ቢጭን ኖሮ የሚያገኘው ዋጋ ስክሪኑ ላይ ያየውን ባልሆነ ነበር። ደላላው ሌሊት ሌሊት ለሾፌሮችና ለጫኞች እየደወለ የሚቆጥረው ይህንኑ ነበር።

ከውጭ ከመጡት መካከል አንድ ወጣት ተመራማሪ ምሽቱን ከደላላው አጠገብ ተቀምጦ የስልክ ጥሪዎቹን ሲመዘግብ አመሸ። በማግሥቱ ሞዴሉን ማስተካከል ጀመረ፤ ዋጋው ከተጫነው መኪና ብዛት ጋር እንዲወርድ አደረገው። እንዲህ ያለውን ትብብር እወዳለሁ። ሆኖም የፕሮጀክቱ ጊዜ አለቀ፣ ጥናቱ ታተመ፣ የተሻሻለው ሞዴል ግን ወደ መቂ አልተመለሰም። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ደላላን መስደብ ቀላል ነው፤ ብዙዎቻችሁም «ደላላ አስወደደው» እያላችሁ አድጋችኋል። እሌኒ ገብረመድህን በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ለዶክትሬቷ የኢትዮጵያን የእህል ገበያ ስታጠና ደላላውን በሥራው መዘነችው። ነጋዴው ራሱ ገዢ ሲፈልግ የሚያባክነው ጊዜና የሚታሰርበት ገንዘብ ከደላላው ክፍያ ጋር ሲነጻጸር፣ ደላላ ለብዙዎች አዋጭ ሆኖ ተገኘ። በኋላ የመሠረተችው የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ቦሎቄ፣ ሰሊጥና ቡና ደረጃ ወጥቶላቸው መጋዘን ገብተው ገዢ ይጠብቃሉ። ቲማቲም ግን አይጠብቅም። ስለዚህ የእናንተ ሥራ ገና አልተነካም።

ሌላም አለ። ሞዴል ስትሠሩ የዓመቱን ወቅት ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ቆራርጣችሁ አትውሰዱ። እዚህ አገር የሽንኩርት ፍላጎት በበዓልና በጾም ይንቀሳቀሳል። ትንሣኤ ከመጋቢት 26 እስከ ሚያዝያ 30 ባለው ጊዜ ውስጥ ይመላለሳል፤ ረመዳን በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ቀደም እያለ ይመጣል። ሁለቱም የከተሞቻችንን ገበያ ይወስናሉ። የባሕረ ሐሳብን ስሌት ያላስገባ የአዳማ የሽንኩርት ትንበያ ፋሲካ ሲመጣ ይስታል። ይህን የውጭ አጋራችሁ እንዲነግራችሁ አትጠብቁ፤ እናንተ ንገሩት።

የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋሙ ምሁር ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሥራ አስኪያጆች የምሁራኑን ሞዴል ጨርሶ አይጠቀሙበትም ማለት ይቻላል ሲል አዝኖ ነበር። መድኃኒት ያለው፣ ሞዴሉ ቀላል እንዲሆንና ውሳኔ ሰጪው በእጁ ሊቆጣጠረው እንዲችል ማድረግን ነው። ዛሬም ከዚህ የተሻለ ምክር አላየሁም። ከመካከላችሁ የመመረቂያ ጥናቱን ከኢንተርኔት ባወረደው የሌላ አገር የሱፐርማርኬት መረጃ የሠራ አለ፤ ይህ አያኮራም። ከዚህ ግቢ የአዳማ ገበያ በባጃጅ ይደረሳል። መልካሳ የምርምር ማዕከል የሽንኩርትና የቲማቲም ዝርያ ሲያሻሽል ዘመናት አልፈዋል፤ የዋጋውንና የጭነቱን መዝገብ የሚይዝ አቻ ግን አላገኘም።

ተመራቂዎች፣ ከእናንተ ጥቂቶቹ ተሰብስባችሁ ያንን መዝገብ ጀምሩ፤ የአዳማን፣ የሞጆን፣ የመቂንና የባቱን፣ በየቀኑ፣ ዋጋውን ከተጫነው መኪና ጋር። ክቡራን የዩኒቨርሲቲው አመራሮች፣ ከእናንተም የምለምነው አንድ ነገር አለ። ከውጭ ዩኒቨርሲቲ ጋር የምትፈርሙት ቀጣዩ ውል ውስጥ፣ ውጤቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ተዘጋጅቶ መረጃውን ለሰጡት ገበሬዎች፣ ነጋዴዎችና ደላሎች ሳይቀርብ ፕሮጀክቱ እንዳይዘጋ የሚል አንቀጽ አስገቡልን።