ምላሱ የታሰረበትን ልጅ ለሕክምና ስለ ማዘጋጀት



ልጃቸው ሲያስቸግራቸው «ዝም ካላልህ ሐኪሙ መርፌ ይወጋሃል» እያሉ የሚያስፈራሩ ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ልጁ ወደ ሐኪም የሚወሰድበት ቀን በደረሰ ጊዜ ግን እነዚያው ወላጆች «አይዞህ፤ ምንም አያደርግህም» ይሉታል። ታዲያ ልጁ ከሁለቱ ቃል የትኛውን ይመን? የዛሬው ንግግራችን የምላስ መታሰርን ምሳሌ አድርጎ ይህን ጥያቄ ይመለከታል።

ምላስን ከአፍ ወለል ጋራ የሚያያይዝ ስስ ሥጋ በሰው ሁሉ አፍ ይገኛል። ይህ ሥጋ ሲያጥር ወይም ሲወፍር ምላስ እንደ ልብ መነሣትና ወደ ውጭ መውጣት ይሳነዋል። በዚህም የተነሣ አንዳንዱ ሕፃን ጡት አጥብቆ መያዝ ያቅተዋል፤ የእናቲቱም የጡት ጫፍ ይቆስላል። ከፍ ያለው ልጅ ደግሞ እንደ «ለ» እና እንደ «ረ» ያሉትን ድምፆች አጥርቶ ለመናገር ይቸገር ይሆናል።

ዳሩ ግን ምላሱ የታሰረ ሁሉ ይቆረጥለት ማለት አይደለም። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2024 ዓ.ም. ባወጣው ጽሑፍ፥ ከእነዚህ ሕፃናት ብዙዎቹ መቆረጥ እንደማያስፈልጋቸውና የጡት አጠባብ እርዳታ መቅደም እንደሚገባው ገልጧል። መንተባተብም ከምላስ መታሰር የሚመጣ አይደለም። አፍ መፍታት የዘገየበት ልጅም አስቀድሞ የመስማት ኃይሉ ሊመረመር ይገባል። በመንደር ምላጭ እንጥል ማስቆረጥ ብዙ ደም እንደሚያፈስና ቁስልን እንደሚመርዝ የታወቀ ስለሆነ፥ ምላስንም በዚያው ምላጭ ማስነካት ከቶ አይገባም።

እንግዲህ ወላጅ ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ልጁ የትኛው ድምፅ እንደሚያስቸግረው፥ ሲበላም ምን እንደሚያቅተው በወረቀት ይጻፍ። በቤተ ዘመድ ደም አልቆም የሚለው ሰው ካለ ይናገር። መቆረጡ በእርግጥ ያስፈልግ እንደሆነ፥ ልጁ የሚደነዝዘው ምላሱ ብቻ ይሁን ወይስ ፈጽሞ የሚተኛ፥ ወላጅ አብሮት መግባት ይፈቀድለት እንደሆነ ይጠይቅ።

ልጁ አራት ወይም አምስት ዓመት የሞላው ከሆነ አንድ ሁለት ቀን ሲቀረው እውነቱ ይነገረው። ለመጀመሪያው ቀን «ሐኪሙ ምላስህን አንሥቶ ያያል» ማለት ይበቃል። በመስተዋት ፊት አፉን ከፍቶ ምላሱን ማንሣት ይለማመድ፤ የአሻንጉሊቱንም ምላስ እርሱ ራሱ ሐኪም ሆኖ ይመርምር። መቆረጡ ከተወሰነ በኋላ «ያመኛል ወይ?» ብሎ ቢጠይቅ፥ «እንዳያምህ መድኃኒት ይሰጥሃል፤ በኋላ ጥቂት ያቃጥልሃል፤ ከዚያም ይድናል» ይባል። ወላጅ መግባት ካልተፈቀደለት ግን «አልለይህም» ብሎ ቃል አይግባ።

በመድኃኒት የሚተኛ ልጅ አብዛኛውን ጊዜ ከምግብ ስድስት ሰዓት፥ ከውሃ ሁለት ሰዓት አስቀድሞ እንዲከለከል ይታዘዛል፤ ሐኪሙ የወሰነው ሰዓት ይጠበቅ። ርኅሩኅ አያት «አንጀቴ አልቻለም» ብላ አንዲት ጉርሻ ብትሰጠው፥ ተኝቶ ሳለ ምግቡ ተመልሶ ወደ ሳንባው በመግባት ለሕይወቱ ያሰጋዋል። ስለዚህ ትእዛዙ ለቤተ ሰቡ ሁሉ ይነገር፤ ከጎረሰም ሳይደበቅ ለሐኪሙ ይነገረው።

ከተቆረጠ በኋላ ከምላሱ ሥር ነጣ ወይም ቢጫ ያለ ነገር ቢታይ ቁስሉ የሚሽርበት ምልክት እንጂ መግል አይደለምና አይፋቅ። ምግቡ ለስላሳና በርበሬ የሌለበት ይሁን። ደሙ አልቆም ቢል፥ ትኩሳት ቢነሣበት ወይም መጠጣት እንቢ ቢል ፈጥኖ ወደ ሐኪም ይመለስ። አነጋገሩም በአንድ ቀን አይቃናምና ልምምድ እንደሚያስፈልገው ቤተ ሰቡ ይወቅ።

የምላሱ ቁስል በጥቂት ሳምንታት ይሽራል። በእናት በአባቱ ቃል ተታሎ ወደ ሐኪም የገባ ልጅ ግን ሌላ ጊዜ ሲታመም ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል። ስለዚህ፥ ክቡራን አንባብያን፥ ሐኪምን ማስፈራሪያ አናድርገው፤ ለልጆቻችንም ትንሽ ናቸው ሳንል እውነቱን እንንገራቸው።