ብርሃኑ ከየት መጣ?

ምስል ማቀናበር የሚማር ወጣት ከሶፍትዌሩ በፊት ብርሃን ማንበብ ይልመድ፤ ለዚህም የቅንጦት ዕቃ ማስታወቂያ ጥሩ መምህር ነው እላለሁ። ዳይሬክተሩ ዣን ዣክ አኖ በ2011 እ.ኤ.አ. ለዲዮር «ጃዶር» ሽቶ የሠራውን እንውሰድ። ተዋናይዋ ቻርሊዝ ቴሮን በቬርሳይ ቤተ መንግሥት ለፋሽን ትርኢት ስትዘጋጅ የቀድሞዎቹ የፊልም ኮከቦች ግሬስ ኬሊ፣ ማርሊን ዲትሪክና ማሪሊን ሞንሮ አብረዋት ይታያሉ። ሞንሮ ያረፈችው በ1962 እ.ኤ.አ. ነው! ተመልካቹ ግን አይደናገጥም። ምክንያቱ የመልክ መመሳሰል ብቻ አይደለም፤ የጥላው አቅጣጫ፣ የጥቁሩ ጥልቀት፣ የአሮጌው ፊልም ቅንጣት ከአዲሱ ጋር ባይስማማ ኖሮ ፊቱ እንደ ተለጠፈ ቴምብር ተነጥሎ ይታይ ነበር። ተማሪው ምስሉን እያስቆመ የሚፈትሸው ይህንኑ ነው፤ በተለይ የጸጉሩን ጠርዝ፣ ስፌት ብዙ ጊዜ የሚገለጠው እዚያ ነውና።

«ያለቀ ሥራ አይቶ ንብርብሩን ማወቅ አይቻልም፤ ግምት ነው» የሚል ይኖራል። እውነት አለው። ግን የሰው ቤት ወጥ የቀመሰች ባለሙያም ድስቱ ውስጥ የገባውን አላየችም፤ ትገምታለች፣ ቤቷ ገብታ ሠርታ ትፈትነዋለች። ተማሪውም ትዕይንቱን በራሱ ካሜራ ቢደግመው የሳተበትን ያገኘዋል። የሚከብደው ሌላው ተቃውሞ ነው፦ ሙታን ሽቶ ይሽጡ ወይ? ወራሽ ቢፈቅድ እንኳ ሟቿ አልተጠየቀችም፤ ይህ እኔንም አይመቸኝም። ክርክሩን ለመጀመር ግን ከሞንሮ ምስል የትኛው ከማኅደር፣ የትኛው ከስቱዲዮ እንደመጣ የሚለይ ዐይን ያስፈልጋል።