የተለወጠችው ፊደል

በሰኔ 2012 ዓ.ም. የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት ኤጀንሲ፣ ከህዳሴ ግድብ የውሃ ሙሌት ጋር ተያይዞ መነሻውን ግብፅ ያደረገ የሳይበር ጥቃት ማክሸፉን አስታውቆ ነበር።

አደጋው ግን ለትልልቅ ግንባታዎች ብቻ አይደለም። ሰቆጣ ላይ ትምህርት ቤት የሚገነባ ተቋራጭ፣ ከሲሚንቶ አቅራቢው የመጣ የሚመስል ኢሜይል ደረሰው እንበል፦ «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፤ ክፍያውን በዚህኛው አስገቡ።» በላኪው አድራሻ ውስጥ አንዲት ፊደል ተለውጣለች። ሥራ የበዛበት የሂሳብ ሠራተኛ ላያስተውላት ይችላል። ለዚሁ የተሠራ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ግን ከቀደሙት መልእክቶችና ክፍያዎች ጋር አነጻጽሮ ያስጠነቅቃል። የሠራተኞችን መታወቂያና ደመወዝ የያዘውን ፋይል ያለወትሮው የሚከፍት ሰው ካለም ይጠቁማል፤ ይህም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ን ለማክበር ያግዛል። ሰው ሠራሽ አስተውሎቱም ቢሆን ይሳሳታልና፣ ገንዘቡ ከመውጣቱ በፊት አቅራቢው ጋ በቀድሞው ስልክ ቁጥሩ ደውሉ፤ ኢሜይሉ ላይ ባለው አይደለም።