በሳምንት 2 ገጽ



ቅዳሜ የቁጠባው ሒሳብ ከተዘጋ በኋላ ሰባት ሆነን የምንቀመጠው ለወሬ አይደለም (ወሬም አይጠፋም)። በአሥራዎቹ ዕድሜ ላሉ ልጆቻችን ልብ ወለድ እየጻፍን ነው። ልጆቹ ተረት መስማት ትተዋል፤ «ፍቅር እስከ መቃብር» ደግሞ ገና ይከብዳቸዋል።

«ድርሰት የእናንተ ሥራ ነው ወይ?» ለሚሉን የአሜሪካዊቷን የኤስ ኢ ሂንተንን ነገር እናንሣ። የቱልሳ ከተማ ልጅ ናት። በዕድሜዋ ላሉ የሚሆን መጽሐፍ ብታጣ «ዘ አውትሳይደርስ»ን በ15 ዓመቷ ጀመረች። በዚያው ጊዜ በድርሰት ትምህርት ያገኘችው «ዲ» ነበር! መጽሐፉ በ1967 እ.ኤ.አ. ታተመ። ዝናው ግን እጇን አሰረው፤ መጻፍ አቃታት። በኋላ ባሏ የሆነው ጓደኛዋ በቀን 2 ገጽ ካልጻፍሽ አብረን አንወጣም አላት። ሁለተኛው መጽሐፏ በ1971 ወጣ።

እኛ እንጀራ መጋገርም ልብስ ማጠብም ስላለብን የተስማማነው በሳምንት 2 ገጽ ነው፤ በዓመት 100 ገጽ ይሞላል። ያልጻፈች እንደ እቁብ ውዝፍ ይመዘገብባታል።

የሚያከራክረን መጨረሻው ነው። ባለታሪኳ 15 ዓመቷ ነው፤ ፓስፖርቱ ላይ ግን 23 ተብላ ወደ ዓረብ አገር ልትሄድ ነው። አብዛኞቻችን ትቅር እንላለን። ሄዳ የተመለሰችው እህታችን ግን «ቤቱን ማን ሊያበላው?» ስትል አፋችንን ታስይዘናለች። ልጆቹ ረቂቁን ሲሰሙ ምክር የበዛበት ላይ ያዛጋሉ፤ ስለዚህ የእናትየው ምክር ከሦስት ገጽ ወደ አራት መስመር ወርዷል።

እስካሁን 64 ገጽ ደርሰናል። ከደጋፊዎቻችን ለጊዜው የምንጠይቀው ወረቀት ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ የአውሮፕላን ማረፊያውን ምዕራፍ እናነባለን፤ ሴት ልጆቻችሁን ይዛችሁ ኑ።